ከ172 ቀን አንድ ቀን ሲጎድል

አንድ ማክሰኞ ከቀኑ 7 ሰዓት ከ10 ላይ፣ ብዙዎቻችን ምሳ በልተን ስልካችንን በምንነካካበት ሰዓት፣ የአሜሪካ ቤዝቦል የፈረንጆቹ 2025 የውድድር ዓመት ቶኪዮ ላይ ተጀመረ። የ2024 ሻምፒዮን የሎስ አንጀለሱ ዶጀርስ ከቺካጎ ካብስ ጋር ተጫወተ።

«ቤዝቦል ደግሞ ምን አገባን?» የምትሉ እንዳላችሁ አውቃለሁ። እኔም ወደዚህ ስፖርት የገባሁት በኋላ በር ነው። ዩኒቨርሲቲ ኢኮኖሚክስ ስማር «ማኒቦል» የሚባል ፊልም አየሁ። ብር ያጠረው የኦክላንድ ቡድን በ2002 ሌሎች የናቋቸውን ርካሽ ተጫዋቾች በቁጥር ስሌት ለቅሞ በተከታታይ 20 ጨዋታ ማሸነፉን የሚያሳይ ነው። ከዚያ በኋላ በቃ፣ የጨዋታውን ሕግ ገና በደንብ ሳላውቅ የክለቦቹን ሒሳብ መከታተል ሱስ ሆነብኝ። የውድድሩ መጀመሪያ ሰሞን ደግሞ ዋናው የሒሳብ ሰሞን ነው። 30ዎቹ ክለቦች ማንን ይዘው እንደሚጀምሩ፣ ማንን ወደ ታች እንደሚልኩ የሚወስኑት ያኔ ነው።

በየዓመቱ መጋቢት ላይ የምጠይቀው ጥያቄ አንድ ነው። በዝግጅት ጨዋታዎች ከሁሉም በልጦ የታየ ወጣት ለምን የመጀመሪያው ቀን ላይ አይሰለፍም? መልሱን ብዙ ጊዜ ሜዳው ላይ አታገኙትም። ካላንደሩ ላይ ነው ያለው።

ሕጉ እንዴት ነው የሚሠራው?

አንድ ክለብ በዓመት 162 ጨዋታ ያደርጋል። በአንድ ቀን በዋናው ስብስብ ውስጥ የሚይዘው 26 ተጫዋች ነው። ከዋናው ቡድን ሥር ደግሞ ማይነር ሊግ የሚባሉ፣ በየደረጃው የተደረደሩ የራሱ ታዳጊ ቡድኖች አሉት። ወጣቱ ክለቡን አይመርጥም፤ በድራፍት ክለቡ ነው እሱን የሚመርጠው። እንደ እግር ኳስ ወራጅ ቀጠና የሚባል ነገርም የለም። የቺካጎው ዋይት ሶክስ በ2024 121 ጨዋታ ተሸንፎ፣ ከ1900 ወዲህ በአንድ ዓመት ብዙ ሽንፈት ያስመዘገበ ቡድን ቢሆንም በ2025ም እዚያው ሊግ ውስጥ ነበር። እንዲያውም ምርጥ ወርዋሪውን ጋሬት ክሮሼን ለቦስተን ሰጥቶ በምትኩ አራት ወጣቶች ተቀበለ። የሚሸነፍ ክለብ የሚገዛው ነገ የሚደርስ ልጅ ነው።

አሁን ወደ ገንዘቡ። በ2025 በዋናው ሊግ ዝቅተኛው ደመወዝ 760,000 ዶላር ነበር። ከሱ አንድ ደረጃ ዝቅ ባለው ትሪፕል ኤ ደግሞ ዝቅተኛው የዓመት ደመወዝ 35,800 ዶላር። 760,000ውን ለውድድሩ ቀናት ብታካፍሉት በቀን ከ4,000 ዶላር በላይ ይመጣል። ስለዚህ 26ኛው ሰው መሆንና 27ኛው ሰው መሆን አንድ አይደለም።

ትልቁ ነገር ግን ደመወዙ ሳይሆን ቆጠራው ነው። አንድ ተጫዋች በዋናው ሊግ 172 ቀን ከቆየ አንድ የአገልግሎት ዓመት ተቆጠረለት ይባላል። እንዲህ ዓይነት ስድስት ዓመት ሲሞላ ነፃ ይወጣል፤ ከፈለገው ክለብ ጋር በገበያ ዋጋ ይደራደራል። እስከዚያ ግን የክለቡ ነው። የመጀመሪያዎቹን ሦስት ዓመታት ገደማ ከዝቅተኛው ብዙም ያልራቀ ደመወዝ ይከፈለዋል፤ ከዚያ በኋላ በግልግል እየተከራከረ ደመወዙን ከፍ ያደርጋል።

ውድድሩ የሚቆየው ከ180 ቀን በላይ ነው። እንግዲህ አስሉት። ልጁን መጀመሪያ ላይ ሁለት ሳምንት ገደማ ታች ብታቆዩት ዓመቱን ሙሉ ቢጫወትም 172 አይሞላም። አንድ ዓመቱ «አልተቆጠረም» ማለት ነው። ክለቡ ስድስት ዓመት ሳይሆን ሰባት ዓመት ገደማ ያዘው። ይህን ለማስላት ኢኮኖሚክስ መማር አያስፈልግም።

የብራያንት 12 ቀን

የዚህ ሒሳብ ትልቁ ምሳሌ ክሪስ ብራያንት ነው። ካብስ በ2013 ድራፍት በሁለተኛ ተራ የመረጠው የሦስተኛ ቤዝ ተጫዋች ነበር። በ2015 የዝግጅት ጨዋታዎች 9 ሆም ረን መታ፤ ከሁሉም ክለብ ተጫዋቾች በላይ ማለት ነው። ሁሉም ሰው ይሰለፋል ብሎ ጠበቀ። ክለቡ ግን «መከላከሉ ላይ መሥራት አለበት» ብሎ ወደ ታች ላከው።

ካብስ ስምንት ጨዋታ ያለሱ ከተጫወተ በኋላ ሚያዝያ 17 ቀን (በፈረንጆቹ) ጠራው። ያ ውድድር 183 ቀን ነበር፤ ብራያንት 12 ቀን አመለጠው። የተቆጠረለት 171 ቀን ሆነ። ከ172 አንድ ቀን ጎደለ።

በዚያው ዓመት በሙሉ ድምፅ የዓመቱ ምርጥ አዲስ ተጫዋች ተባለ። በቀጣዩ ዓመት የሊጉ ኮከብ ሆኖ ካብስን ከ108 ዓመት በኋላ ለዋንጫ አበቃ። አንዷ ቀን ግን አልተመለሰችለትም። በተጫዋቾች ማኅበሩ በኩል ቅሬታ አቀረበ፤ ጉዳዩ ተጓትቶ በ2020 መጀመሪያ ላይ ገላጋዩ ውድቅ አደረገው። ክለቡ ምክንያቱን «መከላከል» ካለ፣ በልቡ ያሰበው ካላንደሩን ነው ብሎ ማስረዳት ቀላል አይደለም።

በርግጥ አንዳንዴ ሰው በራሱ አፍ ይናገረዋል። የሲያትል ማሪነርስ ፕሬዚዳንት የነበረው ኬቪን ማዘር በ2021 ለአንድ ክበብ አባላት በቪዲዮ ሲያወራ፣ ተስፋ የተጣለባቸው ወጣቶች ቶሎ ያልተጠሩት በዚሁ ቆጠራ ምክንያት እንደሆነ በግልጽ አወራ። ቪዲዮው ወጣ፤ ሰውየውም ሥራውን ለቀቀ። ሌሎች ሲያደርጉት የኖሩትን ነገር ነበር ጮክ ብሎ የተናገረው።

«ቢሆንስ? ሚሊየነር አይደለ እንዴ!» ልትሉ ትችላላችሁ። እውነት ነው፣ ብራያንት አልተራበም፤ በኋላ ከኮሎራዶ ጋር 182 ሚሊዮን ዶላር ፈርሟል። ነገር ግን በድራፍት ከሚመረጡት አብዛኞቹ ዋናውን ሊግ ሳያዩ ነው የሚጨርሱት። ከደረሱትም ብዙዎቹ ስድስት ዓመት ሳይሞሉ ይወጣሉ። ለነሱ ዋጋቸው ከፍ ብሎ የሚታይበት ጊዜ አጭር ነው፤ ያቺን ጊዜ በርካሽ የሚጠቀምባት ሌላ ሰው ነው።

ክለቦቹን ብቻ መውቀስም ልክ አይሆንም። እንደ ፒትስበርግ ያለ ትንሽ ክለብ እንደ ኒው ዮርክ ሜትስ ሁዋን ሶቶን በ15 ዓመት 765 ሚሊዮን ዶላር ማስፈረም አይችልም። ያለው ሀብት የወጣቶቹ ስድስት ዓመት ብቻ ነው። አንድ ዓመት የሚጨምርለት ሕግ እጁ ላይ ካለ ይጠቀምበታል። ሕጉ እንዲያ አድርግ ብሎ እየሸለመው ነዋ።

ሽልማቱ ሲቀየር

በ2022 ነገሩ ተቀየረ። ሊጉ 99 ቀን በሩን ዘግቶ ከቆየ በኋላ ክለቦቹና ማኅበሩ አዲስ የኅብረት ስምምነት ተፈራረሙ። ሁለት አንቀጾች እዚህ ጉዳይ ላይ ናቸው። አንደኛ፣ ከምርጥ ወጣቶች ተርታ ያለን ልጅ ገና ከጅምሩ ያሰለፈ ክለብ፣ ልጁ የዓመቱ ምርጥ አዲስ ተጫዋች ከሆነለት ተጨማሪ የድራፍት ዕድል ያገኛል። ሁለተኛ፣ ክለቡ ቢያቆየው እንኳን ልጁ በዚህ ምርጫ አንደኛ ወይም ሁለተኛ ከወጣ ሙሉ ዓመት ይቆጠርለታል።

ውጤቱ ወዲያው ታየ። ያው ማሪነርስ በ2022 ሁሊዮ ሮድሪጌዝን ከመጀመሪያው ቀን አሰለፈ። ልጁ አሸነፈ፤ ክለቡም ዕድሉን አገኘ። ፒትስበርግ በ2024 ፖል ስኪንስን እስከ ግንቦት (በፈረንጆቹ) አጋማሽ አቆየው። ልጁ ግን በአንድ ሙሉ ጨዋታ ልክ ሲሰላ 1.96 ነጥብ ብቻ የሚቆጠርበት ወርዋሪ ሆኖ አረፈው። የዓመቱን ሽልማት ወሰደ፤ ሙሉ ዓመት ተቆጠረለት። ክለቡ ደግሞ የድራፍት ዕድሉ አመለጠው። ሰዎቹ አልተቀየሩም፤ ሽልማቱ ነው የተቀየረው።

የ2025 ጥያቄዎች

ይህን ይዘን የ2025ን ስብስቦች ብናይ ነገሩ ግልጽ ይሆናል።

ቦስተን ሬድ ሶክስ ሦስት ልጆች ነበሩት፦ ሮማን አንቶኒ (አዎ፣ ሮማን የሚባል ወንድ ነው)፣ ማርሴሎ ሜየርና ክሪስቲያን ካምፕቤል። አንቶኒ ያኔ 20 ዓመቱ ነበር፤ ሊጉ ውስጥ ካሉ ምርጥ ወጣቶች አንዱ ይባል ነበር። ክለቡ ግን በዚያ የካቲት አሌክስ ብሬግማንን በሦስት ዓመት 120 ሚሊዮን ዶላር አስፈረመ። ብሬግማን የሦስተኛ ቤዝ ሰው ነው፤ ሦስተኛ ቤዝ ላይ ደግሞ ያኔ ራፋኤል ዴቨርስ ነበረ። ጥያቄው ሁለተኛ ቤዝ ለማን ይሰጣል የሚል ነበር። ለካምፕቤል ከሆነ ክለቡ በሽልማቱ ላይ ተወራረደ ማለት ነበር።

ኒው ዮርክ ያንኪስ ሶቶን ካጣ በኋላ ማክስ ፍሪድን በስምንት ዓመት 218 ሚሊዮን ዶላር አመጣ። ውድድሩ ሊጀመር ሲል ግን ዋናው ወርዋሪው ጌሪት ኮል የክርን ቀዶ ሕክምና አደረገ፤ ዓመቱን ሙሉ አልነበረም። የ2024 ምርጥ አዲስ ተጫዋች ሉዊስ ሂልም ተጎድቶ ነበር። እንዲህ ሲሆን ካላንደሩን የሚያስብ ሰው አይኖርም፤ ክንዱ ጤነኛ የሆነ ሁሉ ይጠራል። ለታችኛው ሊግ ልጅ ትልቁ በር የሚከፈተው አብዛኛውን ጊዜ በሌላ ሰው ጉዳት መሆኑ ያሳዝናል፤ ግን እውነት ነው።

ዶጀርስ ደግሞ የተትረፈረፈበት ነው። ሾሄይ ኦታኒ በ10 ዓመት 700 ሚሊዮን ዶላር ፈርሞ 680 ሚሊዮኑን ከ2034 ጀምሮ ለመቀበል ተስማምቷል። እኔን የሚገርመኝ ግን ሁለቱ ጃፓናዊ ወርዋሪዎቻቸው ናቸው። ዮሺኖቡ ያማሞቶ በ25 ዓመቱ መጣ፤ 325 ሚሊዮን ዶላር ተከፈለው። ሮኪ ሳሳኪ በ23 ዓመቱ መጣ፤ 25 ያልሞላው የውጭ ተጫዋች እንደ ታዳጊ ስለሚቆጠር የፊርማ ክፍያው 6.5 ሚሊዮን ብቻ ሆነ። ልዩነቱን የፈጠረው ችሎታ ብቻ አይደለም፤ የልደት ቀንም አለበት። ሳሳኪ ግን ቶሎ መምጣትን መረጠ። ሰው ሒሳቡን አውቆ ሲመርጥ ሌላ ነገር ነው።

ሌላም ብዙ የማይወራለት ነገር አለ። ብዙ ተጫዋቾች ወደ ታች ሊላኩ የሚችሉባቸው ሦስት የውድድር ዓመታት አሏቸው። እነዚያ ያለቁበት ተጫዋች ዝም ብሎ አይላክም፤ መጀመሪያ ሌሎች ክለቦች እንዲወስዱት ዕድል ይሰጣቸዋል። ስለዚህ 26ኛዋ ቦታ ላይ ሁለት እኩያ ሲወዳደሩ ብዙ ጊዜ የሚላከው የሚላክበት ቀዳዳ ያለው ነው፤ ባይበለጥም።

እኛስ?

ይህን ሁሉ የምከታተለው ለመዝናናት ነው ብዬ ብላችሁ እዋሻለሁ። አንድ ጓደኛዬ ከምረቃ በኋላ ያገኘው የመጀመሪያ ሥራ ላይ በ58ኛው የሥራ ቀን «አመሰግናለሁ» ተብሎ ተሸኘ። እስከዚያች ቀን ሲመሰገን ነበር። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ 1156/2011 መሠረት የሙከራ ጊዜ ከ60 የሥራ ቀን አይበልጥም፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ ያለ ማስጠንቀቂያ ማሰናበት ይቻላል። በሁለተኛው ሳምንት በቦታው ሌላ ተመራቂ ገባ። እውነት ሥራው አልቻለም ነበር? ወይስ ቀኑ ነው የደረሰው? እሱም ማስረዳት አልቻለም፤ ልክ እንደ ብራያንት። ቢያንስ ግን ቀኑ እየተቆጠረ መሆኑን ቢያውቅ ኖሮ እላለሁ። እኛ ውል ስንፈርም የምናየው ደመወዙን ነው። ቀኑን የሚቆጥረው ሌላኛው ወገን ነው።

የቤዝቦል ልጆች ከኛ የሚለዩት የሚቆጥርላቸው ማኅበር ስላላቸው ነው። ያ የ2022 ስምምነት የሚያበቃው በታኅሣሥ 2026 (በፈረንጆቹ) ነው፤ ያኔ ሁሉም ነገር እንደገና ጠረጴዛ ላይ ይወጣል።

ወደዚያ ማክሰኞ እንመለስ። ከካብስ ጋር ቶኪዮ ከገቡት መካከል ማት ሾው የሚባል የ23 ዓመት ልጅ ነበር። እስከዚያ ቀን በዋናው ሊግ አንድም ጨዋታ አላደረገም ነበር። በዝግጅቱ መጀመሪያ ላይ ጉዳት ነበረበት፤ «ትንሽ ታች ይቆይ» ለማለት ምክንያት ከተፈለገ ከብራያንት የተሻለ ምክንያት ነበር። ይሰለፋል ተብሎ የተጠበቀው ግን ሦስተኛ ቤዝ ላይ ነበር። ያው ክለብ፣ ያው ቦታ፣ ልክ ከ10 ዓመት በኋላ።

7 ሰዓት ከ10 ላይ ስሙ ከተጠራ ቆጠራው ከመጀመሪያው ቀን ይጀምርለት ነበር። እኔ ምሳዬን ቶሎ በልቼ ጠበቅሁ።