ስፓኒሽ ልትማሩ ውጭ ልትሄዱ ነው? ከሻንጣው በፊት ጤናችሁን አዘጋጁ!

ሰሞኑን መርካቶ፣ ወደምሠራበት ክሊኒክ አንዲት ወጣት መጣች። ስፓኒሽ ለመማር ኩባ ልትሄድ አምስት ቀን ቀርቷታል። በርበሬውም ሽሮውም ተገዝቶ ሻንጣው ሞልቷል። የቢጫ ወባ ክትባት ግን አልወሰደችም፤ የአስም ፓፏም አልቋል። ጉዞዋን ለማራዘም ተገደደች።

እናንተም ላይ እንዳይደርስ፦

1. ክትባት፦ ኢትዮጵያ የቢጫ ወባ ስጋት ካለባቸው አገሮች አንዷ ናት። ስለዚህ ኩባን ጨምሮ ብዙ አገሮች ከእኛ ለሚሄድ ሰው የክትባት ካርድ ይጠይቃሉ። ካርዱ መሥራት የሚጀምረው ከተከተባችሁ ከ10 ቀን በኋላ ነው፤ ከዚያ ዕድሜ ልክ ያገለግላል። እርጉዝ ከሆናችሁ ወይም የእንቁላል አለርጂ ካለባችሁ ከመወጋታችሁ በፊት ንገሩን።

2. መድኃኒት፦ ኩባ ውስጥ የመድኃኒት እጥረት አለ። የአስም፣ የስኳር ወይም የደም ግፊት መድኃኒት የምትወስዱ፣ በቂውን ከነካርቶኑና ከነማዘዣው በእጅ ቦርሳ ያዙ። ሻንጣ ይጠፋል!

3. ቃላት፦ ሐኪም ቤት የሚያስፈልጋችሁን ቀድማችሁ አጥኑ። «ቴንጎ አስማ» አስም አለብኝ፣ «ሜ ዱዌሌ አኪ» እዚህ ጋ ያመኛል ማለት ነው። እንግሊዝኛ የምትችሉ ደግሞ ተጠንቀቁ፦ ስፔን ውስጥ «ኮንስቲፓዶ» ጉንፋን የያዘው እንጂ ሆድ ድርቀት ያለበት አይደለም። «ኤምባራሳዳ»ም ያፈረች ሳትሆን እርጉዝ ናት!

ቢያንስ ከጉዞው አንድ ወር በፊት ሐኪም ጋ ብቅ በሉ። ሊሄድ ለተነሳ ወዳጃችሁ ሼር አድርጉለት። ጤና ይብዛላችሁ!