የበግ ሥጋ ለአዋቂዎችና ለሕፃናት ያለው ጥቅም

በየገጠሩ በግ ሲታረድ ሥጋው ለአባወራና ለእንግዳ ቀርቦ ለሕፃናት መረቁ ብቻ የሚደርስበት ቤት ጥቂት አይደለም። ይሁን እንጂ የሰውነት ገንቢው ምግብ በአብዛኛው የሚገኘው በሥጋው እንጂ በመረቁ አይደለም።

100 ግራም የበሰለ ቀይ የበግ ሥጋ 25 ግራም ያህል ፕሮቲን አለው። ብረቱም ከእህልና ከጥራጥሬ ብረት ይልቅ በቀላሉ ከሰውነት ጋር ስለሚዋሐድ ደም ማነስን ለመከላከል ይረዳል፤ ዚንኩ ደግሞ ለልጆች እድገት አስፈላጊ ነው። አዋቂዎች ግን ጮማውን ቢቀንሱ ይሻላል።

6 ወር ለሞላው ሕፃን ጮማው የወጣለትን ሥጋ በሚገባ አብስሎና አድቅቆ ከገንፎ ጋር መስጠት ይገባል፤ ጡት ማጥባቱም አይቋረጥ። ጥሬ ሥጋ ለሕፃን ፈጽሞ አይሰጥም።

የልማት ጣቢያ ሠራተኞችና የኅብረት ሥራ ማኅበራት ይህንን ለእናቶች ብቻ ሳይሆን ለአባወራዎችም እንዲያስረዱ እናሳስባለን።