ነፋሱ ጉልበት፣ ሰው ውሳኔ፦ አካል ጉዳተኞችና ባለ ሸራ ጀልባ

በአውሮፓ ለዶክትሬት ዲግሪ በምማርበት ዘመን በአንድ ሐይቅ ዳር ያየሁት ነገር እስከ ዛሬ ከአእምሮዬ አልጠፋም። አንድ ጎልማሳ በተሽከርካሪ ወንበር ወደ ውኃው ጠርዝ መጣ። በእጅ የሚዞር አነስተኛ ማንሻ ከወንበሩ ብድግ አድርጎ አንዲት ትንሽ ጀልባ ውስጥ አስቀመጠው። እኔም «ምስኪን! ሊያንሸራሽሩት ነው» ብዬ አሰብኩና ጀልባዋን የሚነዳውን ሰው መጠበቅ ያዝኩ። ማንም አልመጣም። ሰውዬው ራሱ ገመዱን ስቦ ሸራውን ወጠረ፤ ጀልባዋም ነፋሱን ይዛ ከዳርቻው ራቀች። ባዶው ወንበርና እኔ ቀረን።

ተሳፋሪ የመሰለኝ ሰው መሪው ነበር። ስህተቴ ስለ ሰውዬው ብቻ አልነበረም፤ ስለ ፊዚክሱም ጭምር እንጂ።

ጀልባ ለምን ታዘነብላለች?

ከጎን የሚነፍስ ነፋስ ሸራን ሲገፋ ጀልባዋ ወደ ፊት ትጓዛለች፤ በዚያው ቅጽበት ግን ወደ ጎን ታዘነብላለች። በብዙዎቹ ቀላል የውድድር ጀልባዎች ላይ ይህን ማዘንበል የሚመክተው የመርከበኛው የገዛ ሰውነት ነው። እግሩን በጀልባዋ ውስጥ አስይዞ፣ ገላውን ከጠርዟ ውጪ በውኃው ላይ አንጋልሎ፣ ራሱን የሚዛን ድንጋይ ያደርጋል። 70 ኪሎ ግራም የሚመዝን ሰው ከጀልባዋ መካከል 1 ሜትር ርቆ ቢንጋለል፣ የስበትን ፍጥንጥነት 10 ብለን ብንወስድ፣ 700 ኒውተን ሜትር ቶርክ ያስገኛል። ቶርክ ኃይል በክንድ ርዝመት ሲባዛ የሚገኝ መሆኑን ከሁለተኛ ደረጃ ትምህርታችሁ ታስታውሳላችሁ።

እግሩ የማይታዘዝለት ሰው ከዚህ ስፖርት የሚገለለው እንግዲህ እዚህ ላይ ነው። ያገለለው ውኃው ወይም ነፋሱ ሳይሆን፣ የሚዛኑን ሥራ በሰው ጡንቻ ላይ የጣለው የጀልባዋ ንድፍ ነው።

ሚዛኑ ከሥር ሲሆን

አሁን ደግሞ 2.4 ኤም አር የምትባለውን የአንድ ሰው ጀልባ እንመልከት። ርዝመቷ 4 ሜትር ገደማ፣ ክብደቷም 260 ኪሎ ግራም ያህል ነው። ከዚህ ውስጥ 180 ኪሎ ግራም የሚሆነው ከሆዷ ሥር ወደ ውኃው የወረደ እርሳስ ነው። መርከበኛው ፊቱን ወደ ፊት አድርጎ ዝቅ ብሎ ይቀመጣል፤ የሸራው ገመዶች ሁሉ እጁ ከሚደርስበት ቦታ ተሰብስበዋል። ከአንዱ ጎን ወደ ሌላው መዝለል አይጠበቅበትም።

ግምታዊ ስሌት እንሥራ። እርሳሱ ከጀልባዋ የመዞሪያ ነጥብ 0.8 ሜትር ዝቅ ብሏል እንበል። ጀልባዋ 30 ዲግሪ ስታዘነብል እርሳሱ ወደ ጎን 0.4 ሜትር ይወጣል። የእርሳሱ ክብደት 1,800 ኒውተን ስለሆነ፣ ውኃው የሚያቀልለትን ጥቂት ብንተወው፣ 720 ኒውተን ሜትር መላሽ ቶርክ እናገኛለን። ይህም ከጠርዙ ውጪ የተንጋለለው ጎልማሳ ከሚሰጠው አያንስም። በተጨማሪም ጀልባዋ ይበልጥ ባዘነበለች ቁጥር የእርሳሱ ክንድ ይረዝማል፤ ሸራው ለነፋስ የሚሰጠው ገጽ ደግሞ ይጠባል። ሰው ይደክማል፤ እርሳስ አይደክምም።

በዚህም ምክንያት በዚህች ጀልባ አካል ጉዳተኛውና ጉዳት የሌለበት ሰው በአንድ ውድድር ሊሰለፉ ይችላሉ። ያለ ግራ እጅ የተወለደው ፈረንሳዊው ዳሚየን ሴገን እ.ኤ.አ. በ2004 በአቴንስና በ2016 በሪዮ ፓራሊምፒክ በ2.4 ኤም አር የወርቅ ሜዳልያ አግኝቷል። በ2021 ደግሞ ቫንዴ ግሎብ የተባለውን፣ አንድ ሰው ብቻውን ያለ ማቋረጥ ዓለምን የሚዞርበትን ውድድር፣ ከ33 ተወዳዳሪዎች 7ኛ ሆኖ ፈጽሟል።

እስትንፋስ መሪ ሲይዝ

እጅም እግርም ባይታዘዝስ? እንግሊዛዊቷ ሂላሪ ሊስተር ከአንገቷ በታች መንቀሳቀስ አትችልም ነበር። ሆኖም በ2005 የእንግሊዝን መተላለፊያ ባሕር ብቻዋን በጀልባ ተሻገረች፤ በ2009 ደግሞ የብሪታንያን ደሴት ዞረች። መሣሪያዎቿ በአፏ የምትይዛቸው ቀጫጭን ቱቦዎች ነበሩ። ወደ ቱቦው እፍ ስትል ወይም ወደ ውስጥ ስትስብ የአየሩ ግፊት ይለወጣል፤ ለውጡን የሚያውቅ ማብሪያና ማጥፊያ ለሞተር ትእዛዝ ያስተላልፋል፤ ሞተሩም መሪውን ያዞራል ወይም የሸራውን ገመድ ይስባል።

ልብ በሉ! እስትንፋሷ ሸራ የሚጎትት ጉልበት አልነበረውም፤ ሊኖረውም አያስፈልግም። ገመዱን የሚስበው ጉልበት ከባትሪ፣ ጀልባዋን የሚያስኬደው ከነፋስ ይመጣል። ከእርሷ የመጣው መረጃ ነው፦ መቼ፣ ወዴት፣ ምን ያህል። ሊስተር በ2018 ከዚህ ዓለም በሞት ተለየች።

ያልተጠናቀቀው ሥራ

የሸራ ጀልባ ውድድር በ1996 በአትላንታ ፓራሊምፒክ ለማሳያ ቀረበ፤ ከ2000 የሲድኒ ጨዋታ ጀምሮ እስከ 2016 ሜዳልያ ሲያሰጥ ቆየ። በቶኪዮና በፓሪስ ጨዋታዎች ግን አልተካተተም። የተሰጠው ምክንያት ስፖርቱ በበቂ አገሮች አልተስፋፋም የሚል ነው። የፊዚክሱ ጥያቄ ተመልሷል፤ መሣሪያውን ለሚፈልገው ሰው የማድረሱ ጥያቄ ግን ክፍት ነው።

ይህን ስጽፍ ኅሊናዬን የሚቆረቁረኝ ነገር አለ። ወደ አገሬ ተመልሼ ባስተማርኩበት የመጀመሪያ ዓመት በሁለት ክራንች የሚሄድ ተማሪ ነበረኝ። የቤተ ሙከራው ጠረጴዛ ቆሞ ለሚሠራ ሰው የተሠራ ስለነበር ከተግባር ልምምዱ ነፃ አደረግሁት፤ የጓደኞቹን ቁጥሮች ሰጥቼውም ስሌቱን ብቻ እንዲሠራ አዘዝኩ። ርኅራኄ መስሎኝ ነበር፤ እርሱም አመሰገነኝ። ያንን የሐይቅ ዳር ሰው በዓይኔ አይቼ ተመልሼ ሳለ፣ የጠረጴዛውን እግር ስለማሳጠር አንድም ቀን አላሰብኩም።

ስለዚህ የዚህን ጽሑፍ የቤት ሥራ እነሆ። ነገ ወደ ቤተ ሙከራችሁ ስትገቡ ሜትር ያዙ። የጠረጴዛውን ከፍታ፣ የበሩን ስፋት፣ የደረጃውን ብዛት ለኩ። ከዚያም በተሽከርካሪ ወንበር የሚመጣ አንድ ተማሪ ፔንዱለሙን በገዛ እጁ ማወዛወዝ ይችል እንደሆነ አስሉ። መልሱ «አይችልም» ከሆነ፣ ምን መለወጥ እንዳለበት ጻፉና ለመምህራችሁ ስጡ።