መፋቂያ የማይዘልቅበት፦ የጥርስ መሐል ጽዳት በሂርና

ሂርና ጫት በስፋት የሚመረትበትና የሚቃምበት የምዕራብ ሐረርጌ ከተማ ነው። ቃሚው ቅጠሉን በአንድ ጉንጩ ለሰዓታት ስለሚይዝ፣ ድቃቂው በጥርሶቹ መሐል ይቀራል። መፋቂያ የጥርስን ገጽ ያጸዳል እንጂ ወደ መሐሉ በሚገባ አይዘልቅም። በዚያ የሚከማቸው የባክቴሪያ ንጣፍ ድድን ያስቆጣል፤ መድማቱን ፈርቶ መፋቅን መተው ደግሞ ንጣፉን ያበዛል። ንጣፉ ከደነደነ በባለሙያ ካልተጠረገ አይለቅም።

ውኃን በትርታ እየገፋ የጥርስን መሐል የሚያጥበው መሣሪያ በ1962 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ፣ ኮሎራዶ፣ በአንድ የጥርስ ሐኪምና በአንድ መሐንዲስ ተሠራ። በ2019 እ.ኤ.አ. የወጣው የኮክሬን የማስረጃ ግምገማ እንደሚያሳየው መሣሪያው ከብሩሽ ጋር ሲሆን የድድ ብግነትን ሊቀንስ ይችላል፤ ንጣፉን ስለ መቀነሱ ግን ማስረጃ አልተገኘም፤ የማስረጃው አስተማማኝነትም ዝቅተኛ ነው። ስለዚህ መሣሪያው የመፋቂያ ረዳት እንጂ ምትክ አይደለም።

ተጠቃሚው ንጹሕና ለብ ያለ ውኃ ሞልቶ፣ ከዝቅተኛ ግፊት ጀምሮ፣ ጫፉን በድድ መስመር ላይ ቀስ እያለ ያንቀሳቅሳል። መሣሪያው ለሌለው የጥርስ ክር ወይም የጥርስ መሐል ብሩሽ ያገለግላል። መድማቱ ካልቆመ ግን ጉዳዩ የሐኪም ነው።