አውቶክሮስ፦ በኮኖች መሃል የሚፈተን የሾፌር ጥበብ

የመኪና ውድድር ሲባል የብዙ ሰው ሐሳብ ወደ ፎርሙላ ዋን ይሄዳል። በሰዓት ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ የሚከንፍ መኪና፣ ለውድድር ብቻ የተሠራ መንገድ፣ በሚሊዮን የሚቆጠር ዶላር። አውቶክሮስ ግን ይህን ሁሉ አይጠይቅም። የሚበቃው ሰፊ የአስፋልት ወይም የኮንክሪት ሜዳ፣ በርከት ያሉ የፕላስቲክ ኮኖች፣ የሰዓት መለኪያና ባለቤቱ በየቀኑ ለሥራ የሚነዳው ደህና መኪና ነው። ተወዳዳሪዎቹ ጎን ለጎን አይሽቀዳደሙም። እያንዳንዱ በተራው ለብቻው ይገባና በኮን የተከለለውን ጠመዝማዛ መስመር በአንድ ደቂቃ ገደማ ይጨርሳል። ፍጥነቱ አብዛኛውን ጊዜ በአገር አቋራጭ መንገድ ላይ ከምናየው አይበልጥም፤ ብዙ መኪኖች ከሁለተኛ ማርሽ ሳይወጡ ይጨርሱታል። የሚለካው የሾፌሩ እጅ፣ እግርና ዓይን ምን ያህል እንደተባበሩ ነው።

ከድልብ አቀበት ተነስቶ በጋሸና፣ በፍላቂትና በደብረ ዘቢጥ አድርጎ ወደ ጨጨሆ በሚዘልቀው የወልድያ ወረታ መንገድ ላይ የሚነዳ ሾፌር የዚህን ስፖርት ፈተና በሥራው ያውቀዋል። ወደ ኩርባ ከመግባት በፊት ፍጥነት መቀነስ፣ ማርሽ አስቀድሞ መምረጥ፣ መሪን በእርጋታ ማዞር የዕለት እንጀራው ናቸው። ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው፦ መንገድ ላይ የተሳሳተ ሰው ገደል ይጠብቀዋል፤ አውቶክሮስ ሜዳ ላይ የተሳሳተ ሰው የሚጥለው የፕላስቲክ ኮን ነው።

አመጣጡ

ስፖርቱ በሰፊው ሥር የሰደደው በአሜሪካ ነው። እ.ኤ.አ. በ1944 የተመሠረተው ስፖርትስ ካር ክለብ ኦፍ አሜሪካ፣ በአጭሩ ኤስሲሲኤ፣ ይህን ውድድር ሶሎ ብሎ ይጠራዋል፤ የመጀመሪያውን ብሔራዊ ሻምፒዮና ያካሄደውም እ.ኤ.አ. በ1973 ነው። ሻምፒዮናው ለረጅም ዓመታት በካንሳስ ሲደረግ ቆይቶ እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ ወደ ነብራስካ፣ ሊንከን ከተማ ተዛውሯል። በየዓመቱ ከአንድ ሺህ በላይ ሾፌሮች በአሮጌ የአውሮፕላን ሜዳ ኮንክሪት ላይ ይገናኙበታል። ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩበት በዋሽንግተን ዲሲ አካባቢም የክለቡ ቅርንጫፍ በሰፋፊ የመኪና ማቆሚያዎች ላይ ያዘጋጀዋል። በጃፓን ተመሳሳዩ ውድድር ጂምካና ይባላል። በአውሮፓ አውቶክሮስ የሚለው ስም የተሰጠው በአፈር መንገድ ላይ ለሚደረግ ሌላ ውድድር ስለሆነ ሁለቱን ማምታታት አይገባም።

የሞተር ስፖርት ለአገራችንም ባዕድ አይደለም። በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን የኢትዮጵያ ሃይላንድ ራሊ የሚባል ውድድር ይካሄድ ነበር። ራሊ ግን ረጅም መንገድ፣ የተዘጋ ትራፊክና ብዙ ገንዘብ ይፈልጋል። አውቶክሮስ ይህ ሁሉ ወጪ የለበትም።

ውድድሩ እንዴት ይካሄዳል?

ጠዋት በመጀመሪያ የሚደረገው የመኪና ፍተሻ ነው። ባትሪው በደንብ ታስሯል? የቸርኬው ዳዶ ጠብቋል? የሚንጠባጠብ ዘይት አለ? ፍሬኑ ሲረገጥ ይጠነክራል? የነዳጅ ፔዳሉ ሲለቀቅ ወዲያው ይመለሳል? ትርፍ ጎማ፣ ክሪክ፣ ምንጣፍ፣ ጠርሙስ፣ ማንኛውም በመኪናው ውስጥ የሚንከባለል ዕቃ ይወጣል። ሄልሜትና የደኅንነት ቀበቶ ግዴታ ናቸው። ቁመቱ ከጎማዎቹ የጎን ለጎን ስፋት የሚበልጥ መኪና የመገልበጥ አደጋ ስላለበት አብዛኛውን ጊዜ አይገባም፤ ስለዚህ እንደ ሃይሉክስና ሚኒባስ ያሉ ረጃጅም መኪኖች ወደዚህ ሜዳ አይጋበዙም።

ቀጥሎ ሾፌሮቹ መስመሩን በእግራቸው ይሄዱታል። መስመሩ ለእያንዳንዱ ውድድር እንደ አዲስ ስለሚዘረጋ ማንም ቀድሞ ሊለማመድበት አይችልም። ልምድ ያለው ሰው ደጋግሞ ይዞረዋል፤ ቁጭ ብሎም በመኪና ወንበር ከፍታ ያየዋል፤ ቆመው ሲያዩት ግልጽ የነበረው በኮኖች መካከል ያለ መተላለፊያ ከወንበር ሲታይ በኮኖች ጫካ ውስጥ ይጠፋልና።

እያንዳንዱ ኮን በቆመበት ቦታ ዙሪያ መሬቱ ላይ አራት ማዕዘን ይሰመራል። ኮኑ ተነክቶ ከአራት ማዕዘኑ ጨርሶ ከወጣ ወይም ከወደቀ ሾፌሩ 2 ሰከንድ ይጨመርበታል። ኮኑ ቢገፋም ከፊሉ የአራት ማዕዘኑን መስመር እንደነካ ቆሞ ከቀረ ቅጣት የለም። ሰዓቱ በጨረር የሚሠራና እስከ ሰከንድ አንድ ሺኛ የሚለካ ስለሆነ፣ አሸናፊና ተከታዩ በመቶኛ ሰከንዶች በሚለያዩበት ውድድር 2 ሰከንድ ማለት ዕለቱን ማጣት ነው። መስመሩን የሳተ ሾፌር ደግሞ ያ ዙር አይቆጠርለትም። በብሔራዊ ሻምፒዮናው በሁለት ቀን ሁለት የተለያዩ መስመሮች ይነዳሉ፤ በእያንዳንዱ ቀን ሦስት ሙከራ ተሰጥቶ የሁለቱ ቀን ምርጥ ሰዓቶች ይደመራሉ።

ከሁሉም ደስ የሚለው ሥርዓት ተወዳዳሪው ራሱ ሠራተኛ መሆኑ ነው። አንዱ ቡድን ሲነዳ ሌላው ሜዳው ላይ ተበትኖ የወደቀ ኮን ያነሳል፣ ቅጣት ይመዘግባል፣ አደጋ ሲያይ ቀይ ባንዲራ ያውለበልባል። አንድ መኪና ለሁለት ሰው ማካፈልም የተለመደ ነው። ወጪውን ዝቅ ያደረገው ይህ መተጋገዝ ነው።

መኪናውን ማዘጋጀት

ከጎማ የሚቀድም ነገር የለም። መኪና መሬት የሚይዘው በአራት ጎማዎቹ ብቻ ነውና ሞተርም፣ ፍሬንም፣ መሪም ሥራቸውን የሚሠሩት በእነሱ በኩል ነው። በጎማው ጎን ላይ ትሬድዌር የሚባል ቁጥር ተጽፏል። ቁጥሩ ዝቅ ሲል ጎማው ለስላሳና መሬት የሚነክስ፣ ግን ቶሎ የሚያልቅ ይሆናል። በኤስሲሲኤ የስትሪት ምድብ ከ200 በታች አይፈቀድም።

ሁለተኛው የጎማ ንፋስ ነው፤ ይህ ምንም ወጪ የሌለበት ትልቅ ማስተካከያ ነው። ሾፌሩ ጠመኔ ይይዝና ከጎማው መርገጫ ጀምሮ ወደ ጎኑ የሚወርድ መስመር በየጎማው ይሰምራል። ከአንድ ዙር በኋላ ወርዶ ያያል። ጠመኔው እስከ ጎኑ ድረስ ተፍቆ ከጠፋ ጎማው በኩርባ ላይ እየተጣመመ በጎኑ ይሄዳል ማለት ነው፤ ንፋስ ይጨመራል። ጠመኔው በመርገጫው ጠርዝ ላይ ሳይነካ ከቀረ ንፋሱ በዝቶ ጎማው በመሃሉ ብቻ ይረግጣል፤ ይቀነሳል። ማስተካከያው በአንድና በሁለት ፒኤስአይ ነው፤ ጎማው እየሞቀ ሲሄድ ንፋሱ ስለሚጨምር በየዙሩ መካከል መለካት ያስፈልጋል።

ሦስተኛው አላይመንት ነው። በመንገድ ላይ አላይመንት የሚሠራው ጎማ እኩል እንዲያልቅና መኪናው ቀጥ ብሎ እንዲሄድ ነው። ለአውቶክሮስ ግን የፊት ጎማዎች አናት በጥቂቱ ወደ ውስጥ እንዲያዘነብል ይደረጋል። መኪናው በኩርባ ላይ ወደ ውጭ ሲጋደል ያ ያዘነበለ ጎማ ቀጥ ብሎ መሬቱን በሙሉ ስፋቱ ይረግጣል።

ከዚያ በኋላ አሞርዛተርና ስታቢላይዘር ይመጣሉ። ጥሩ አሞርዛተር መኪናው ከግራ ወደ ቀኝ ሲጋደል ክብደቱ በሥርዓት እንዲሻገር ያደርጋል። በስትሪት ምድብ ከፊት ወይም ከኋላ አንዱን ስታቢላይዘር ብቻ መቀየር ይፈቀዳል፤ ምርጫው መኪናውን በማወቅ ላይ የተመሠረተ ነው። የፊት ጎማው የሚያመልጥ መኪና መሪውን አልታዘዝ ብሎ ወደ ፊት ይሄዳል፤ ከኋላው የሚያመልጥ ደግሞ ጭራው ይወጣል። በፊት ጎማ የሚነዱ መኪኖች የመጀመሪያው ችግር ስላለባቸው ከኋላ ጠንከር ያለ ስታቢላይዘር ሲገባላቸው በቀላሉ ይዞራሉ።

እ.ኤ.አ. በ1989 የወጣው ማዝዳ ኤምኤክስ 5 በዚህ ሜዳ ላይ ስሙ የገነነው በሞተሩ ጉልበት አይደለም። የመጀመሪያው ሞዴል 1.6 ሊትር ሞተር ብቻ ነበረው፤ ነገር ግን ቀላል፣ ዝቅ ያለና ክብደቱ ከፊትና ከኋላ የተመጣጠነ ነበር። የውድድሩ ምድቦች መኪናን ከመሰሉ ጋር ስለሚያሰልፉ አሮጌ ቆሮላም የራሱ ቦታ አለው።

አነዳዱ

የአነዳዱ ቁልፍ ክብደትን ማዘዝ ነው። ከአሸተን ማርያም ቁልቁለት የሚወርድ የላስታ በቅሎ ነጂ ጭነቱ ወደ አንገት እንደሚሄድ አውቆ አስቀድሞ እንደሚያጠብቀው፣ ሾፌሩም የመኪናው ክብደት የት እንደሚሄድ ቀድሞ ማሰብ አለበት። ፍሬን ሲረገጥ ክብደቱ ወደ ፊት ጎማዎች ይሄዳል፤ እነሱም መሬቱን ይበልጥ ይይዛሉ፤ መሪም ይታዘዛል። ነዳጅ ሲሰጥ ወደ ኋላ ይመለሳል። ኩርባ ውስጥ ሆኖ በድንጋጤ ነዳጅ መልቀቅ የኋላ ጎማውን ስለሚያቀለው መኪናውን ሊያሽከረክረው ይችላል። ስለዚህ ፍሬኑ ቀጥ ባለው ቦታ ይሠራል፣ መኪናው ዝግ ብሎ ይገባል፣ መሪው ወደ ቀጥታ መመለስ ሲጀምር ነዳጁ ቀስ በቀስ ይጨመራል።

መንገድ መምረጥም ሒሳብ አለው። ጥሩ ጎማ ያለው መኪና 15 ሜትር ራዲየስ ያለውን ኩርባ በሰዓት 44 ኪሎ ሜትር ገደማ ይዞረዋል። ሾፌሩ የሜዳውን ስፋት ተጠቅሞ ኩርባውን 20 ሜትር ካደረገው ወደ 50 ይደርሳል። በሌላ በኩል በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በሰከንድ 17 ሜትር ያህል ይጓዛል፤ በእያንዳንዱ ኮን መንገዱን በአንድ ሜትር ያስረዘመ ሰው በአሥር ኮን ከግማሽ ሰከንድ በላይ ያጣል። መቼ መቅረብ፣ መቼ ማስፋት እንደሚገባ መለየት ነው ልምድ የሚባለው።

ኮኖች በአንድ ረድፍ ቆመው ግራና ቀኝ እየተባለ በሚታለፍበት ቦታ ጀማሪ ሁሉ ይዘገያል። ኮኑ አጠገብ ከደረሰ በኋላ ያዞራል፣ በሚቀጥለው ይበልጥ ይዘገያል፣ በአራተኛው ኮን ይጥላል። የሰለጠነው ኮኑ ጋ ሲደርስ መኪናው ወደሚቀጥለው ኮን መዞር ጀምሯል። ይህ የሚቻለው ዓይን ሁለትና ሦስት ኮን ቀድሞ ሲያይ ነው። እጅ ዓይንን ይከተላል፤ ኮፈኑ ፊት ያለውን ኮን ብቻ የሚያይ ሾፌር ያንኑ ኮን ይገጨዋል።

ደጋ ላይ ሲሆን

ፍላቂት ያለችበት የመቄት ደጋ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 3,000 ሜትር ይጠጋል። በዚህ ከፍታ የአየር ግፊቱ በባሕር ዳርቻ ካለው 70 በመቶ ገደማ ስለሆነ ቱርቦ የሌለው ሞተር ከጉልበቱ ሩብ ያህሉን ወይም ከዚያ በላይ ያጣል። በሞተሩ የአየር ስበት የሚታገዝ ፍሬንም እገዛው ይቀንሳል፤ ፔዳሉ ጠንከር ያለ ርግጫ ይፈልጋል። የጎማ ንፋስም ይለወጣል። ወልድያ ላይ የተሞላ ጎማ ፍላቂት ሲደርስ የውጭው ግፊት ስለሚቀንስ መለኪያው አንድ ፒኤስአይ ገደማ ከፍ ብሎ ሊያሳይ ይችላል፤ የደጋው ብርድ ደግሞ መልሶ ይቀንሰዋል። ስለዚህ ንፋስ የሚለካው መኪናው በሚነዳበት ቦታ ነው።

የኤሌክትሪክ መኪና ግን አየር አይተነፍስምና ጉልበቱ በከፍታ አይቀንስም። ክብደቱ ቢበዛም ባትሪው ከወለሉ ሥር ስለሆነ ዝቅ ብሎ ይቀመጣል። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2024 መጀመሪያ በነዳጅ የሚሠሩ የግል መኪኖች እንዳይገቡ ከወሰነች ወዲህ የኤሌክትሪክ መኪኖች በከተሞቻችን እየበዙ ነው። ለእንዲህ ዓይነት ውድድር ከፍታችን የማይበግራቸው መኪኖች በእጃችን እየገቡ ነው ማለት ነው።

ለእኛ ምን ይጠቅመናል?

ወጣት ሾፌር ፍጥነት መውደዱን በምክር ብቻ ማስቀረት አይቻልም። ቦታ ካልተሰጠው ፍላጎቱን የሚወጣው ሕፃናት በሚሻገሩበት መንገድ ላይ ነው። አውቶክሮስ ለዚያ ፍላጎት ቦታና ሥርዓት ይሰጠዋል። መኪና ሲንሸራተት ምን እንደሚሰማ፣ ድንገተኛ ፍሬን ሲያዝ መሪው ምን እንደሚሆን፣ ጎማ አቅሙ የት ላይ እንደሚያልቅ በሰላም ቦታ ያየ ሾፌር አቀበትና ቁልቁለት ላይ ሲገባ አይደናገጥም።

ስለዚህ የመንጃ ፈቃድ ማሰልጠኛዎች፣ የቴክኒክና ሙያ ኮሌጆችና የሞተር ስፖርት ወዳጆች ይህን ቢያስቡበት መልካም ነው። ከግንብ፣ ከምሰሶና ከእግረኛ የራቀ ሜዳ በባለቤቱ ፈቃድ ይፈለግ። ከትራፊክ ፖሊስ ጋር ይመከር፤ ኮን፣ ሄልሜት፣ የእሳት ማጥፊያና የመጀመሪያ እርዳታ ይዘጋጅ። አንድ መኪና ብቻ ይግባ፤ ተመልካች በገመድ ተከልሎ ይራቅ። ሰዓቱ በእጅ ስልክ ቢያዝም ለመጀመር በቂ ነው። መኪና ያላችሁ ወጣቶችም፣ ፍጥነታችሁን የምታሳዩበት ቦታ ሜዳው ይሁን፤ በሕዝብ መንገድ ላይ ግን ዝግ ብላችሁ ንዱ።