ቅርጽ ሰጪው ሲሰነጠቅ፦ የብረት ሥራ በጎንደር ምድር

መስቀሉን፣ ማረሻውን፣ መድፉን ሁሉም ያየዋል። ለእነዚህ ቅርጽ የሰጠውን ጭቃ፣ አሸዋ ወይም የብረት ሞልድ ግን ሥራው ሲያልቅ ዞር ብሎ የሚያየው የለም። በጎንደርና በዙሪያው ደጋ የነበረውን የብረት ሥራ ከዚህ ከተረሳው ወገን ብንመረምረው፣ ከዘመን ወደ ዘመን ሲንከባለል የመጣ አንድ ጥያቄ እናገኛለን፦ ቅርጽ ማውጫው ስንት ጊዜ እሳትና ምት ይችላል? መልሱ ከአንድ ጊዜ ተነሥቶ ዛሬ በአሥር ሺዎች ወደሚቆጠር ደርሷል። የሚሰበርበት ምክንያትም በዚያው ልክ እየረቀቀ ሄዷል።

ለአንድ ጊዜ የተሠራ

መስቀል የሚያወጣ ባለእጅ ሥራውን የሚጀምረው በሰም ነው። ሐረጉንና ጥልፍልፉን በሰም ቀርጾ ይጨርስና በደቃቅ ጭቃ ይለብጠዋል። ጭቃው ሲደርቅ እሳት ላይ ያውለዋል፤ ሰሙ ቀልጦ ይወጣል፤ ባዶ በቀረው ቦታ ናስ ወይም ብር ይፈስበታል። ማዕድኑ ሲበርድ ጭቃው ይሰበራል። ይህ ቅርጽ ማውጫ ከአንድ መስቀል በላይ እንዲቆይ የሚጠብቅ የለም። የሚፈለግበት ዋናው ነገር መድረቅ ነው። ጭቃው ውስጥ የቀረች ጥቂት እርጥበት የቀለጠ ማዕድን ሲነካት በቅጽበት እንፋሎት ሆና ሥራውን ታበላሻለች፤ ባለእጁንም ታቃጥላለች።

ከጎንደር ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ ዳር ባለችው ወለቃ የኖሩት የቤተ እስራኤል ቀጥቃጮች ደግሞ ቅርጽ ማውጫ አላስፈለጋቸውም። ወናፍ፣ ከሰል፣ ጉጠት፣ መዶሻና መስፍ ይዘው ማረሻና ማጭድ ያወጡ ነበር። ቀጥቃጭ ሲሠራ ቀርቦ ያየ ሰው ዋናው መሣሪያ ዓይን መሆኑን ይረዳል። ብረቱ ግሎ ከተመታና ውኃ ውስጥ ተነክሮ ከጠነከረ በኋላ ጫፉ እንደገና በዝግታ ይሞቃል። ላዩ ላይ መጀመሪያ የገለባ ቢጫ፣ ቀጥሎ ሐምራዊ፣ በመጨረሻ ሰማያዊ ቀለም ይመጣል። ቢጫው ላይ ያቆመ ሰው ስለታም ግን በቀላሉ የሚሸረፍ መሣሪያ ያገኛል፤ ሰማያዊው ላይ ያቆመ ለስለስ ያለና ምት የሚችል። ጥንካሬን ከቻይነት ጋር የማመዛዘኑ ብልሃት ይኸው ነው፤ የዛሬ ሞልድ ሠሪም የሚጨነቀው በዚሁ ነው።

ኅብረተሰቡ ግን ይህን ዕውቀት የያዙትን ሰዎች “ቡዳ” እያለ አራቃቸው። በ1977 ዓ.ም. ከቤተ እስራኤል ብዙዎች በሱዳን በኩል ወደ እስራኤል ተጓዙ፤ በግንቦት 1983 ዓ.ም. ደግሞ በሁለት ቀን ውስጥ ከ14,000 በላይ ሰዎች ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ተወሰዱ። ቀጥቃጭ ጨርሶ አልጠፋም፤ ዛሬም የመኪና ባሌስትራ እየቆረጠ ማረሻና መጥረቢያ የሚያወጣ አለ። ከአባት ወደ ልጅ ይወርድ የነበረው የሙያ ሰንሰለት ግን በብዙ ቤት ተበጥሷል።

የጋፋት ፈተና

በየካቲት 1847 ዓ.ም. ሰሜን ተራራ ውስጥ በደረስጌ ማርያም የነገሡት ዐፄ ቴዎድሮስ የብረትን ሥራ ከጎጆ ወደ መንግሥት ፋብሪካ ሊያወጡት ሞክረዋል። ደብረ ታቦር አጠገብ በጋፋት ያሰፈሯቸው የውጭ ባለሙያዎች አብዛኞቹ ወንጌል ሊያስተምሩ የመጡ የእጅ ሙያተኞች እንጂ መድፍ ሠሪዎች አልነበሩም። የመጀመሪያ ሙከራዎቻቸው ከሽፈዋል። ከብዙ ድካም በኋላ በ1859 ዓ.ም. ሴባስቶፖል የተባለው፣ ክብደቱ ወደ ሰባት ቶን የሚጠጋው ትልቁ መድፍ ወጣ።

ሰባት ቶን የቀለጠ ነሐስ በአንድ ቅርጽ ማውጫ ውስጥ ማፍሰስ መስቀል ከማውጣት ጋር የሚወዳደር አይደለም። ምድጃው ራሱ ሳይቀልጥ ማዕድኑን ማቅለጥ አለበት። ፍሰቱ ከተቋረጠ ቀድሞ የገባውና ኋላ የመጣው አይዋሐዱም። ማውጫው ግድግዳው ከላላ ከባዱ ፈሳሽ ገፍቶ ያፈርሰዋል። ጋፋት ይህን ሁሉ አልፎ አንድ ግዙፍ መድፍ አወጣ። መድፉ ስድስት ወር ያህል በሰው ጉልበት እየተጎተተ መቅደላ ደረሰ፤ በ1860 ዓ.ም. ንጉሡ ሲሞቱ ሥራውም አብሮ ቆመ። ከሁሉ ይበልጥ የተጎዳነው መድፉ ተራራ ላይ በመቅረቱ አይመስለኝም። የመጀመሪያው ሙከራ ለምን እንደከሸፈ፣ በኋላስ ምን ተለውጦ እንደተሳካ ያወቁት እጆች ተበተኑ፤ ቦታው ላይ ያንን የሚያስተምር ቤት አልተተከለም።

ከቶርኖ ቤት እስከ ሞልድ

በጣሊያን ወረራ ዘመን ጋራዥና ቶርኖ ቤት እየተስፋፋ መጣ። ከዚያ ወዲህ በከተማ ያለው ብረት ሠራተኛ ከመቀጥቀጥ ይልቅ ወደ መቁረጥ፣ ማላግና መበየድ አዘነበለ። የሚሠራው የተሰበረች አንዲት መለዋወጫ ስለሆነ ሺህ ጊዜ የሚያገለግል ማውጫ አያስፈልገውም። በማውጫ ማለቅ አዘውትሮ የሚማረር የከተማ ባለሙያ ካለ ብሎኬት አምራቹ ነው፤ ሞልዱን አሸዋ እየበላው ብሎኬቱ ከልኩ ይወፍራል፣ ጠርዙም ይበላሻል። በአገር ደረጃ የአቃቂ መለዋወጫ ፋብሪካ የማቅለጥንና የመቀጥቀጥን ሥራ በአንድ ግቢ አሰባሰበ። በ2002 ዓ.ም. የተቋቋመው የብረታ ብረትና ኢንጂነሪንግ ኮርፖሬሽንም እንዲህ ያሉ ፋብሪካዎችን በአንድ ጥላ ሥር አደረገ። ወደ ብዛት ምርት የሚደረገው ጉዞ የማይቀር ከሆነ፣ የብረት ሞልድና ውስጡ የሚገባው ኢንሰርትም የማይቀሩ ናቸው።

ኢንሰርቱን ምን ይገድለዋል?

ትልልቅ ሞልዶች ብዙ ጊዜ ከአንድ ወጥ ብረት አይሠሩም። አካሉ ከርካሽ ብረት ይሆናል፤ ሙቀቱና ምቱ በቀጥታ የሚያርፍበት ቦታ ላይ ግን ከውድ ብረት የተሠራ ተለዋጭ ቁራጭ ይገባል። ኢንሰርት የሚባለው እሱ ነው። ሲያልቅ እሱ ብቻ ይቀየራል። ለዚህ ሥራ በዓለም የታወቀው ኤች 13 የሚባለው ብረት ሲሆን 5 በመቶ ያህል ክሮሚየም፣ ከዚያ ያነሰ ሞሊብዲነምና ቫናዲየም አለው።

በሚቀጠቀጥ ሥራ ላይ ብረቱ ከ1,100 እስከ 1,250 ዲግሪ ግሎ ይመጣል፤ ኢንሰርቱ ግን 200 ዲግሪ አካባቢ ነው ያለው። ሲገናኙ የኢንሰርቱ ገጽ በቅጽበት ይግላል፤ ውስጡ ገና ቀዝቃዛ ስለሆነ ሊለጠጥ የፈለገውን ገጽ ጨምቆ ይይዘዋል። ወዲያው ማቀዝቀዣ ሲረጭበት ደግሞ ገጹ ሊሰበሰብ ይሞክራል፤ አሁን ውስጡ ይጎትተዋል። ይህ ሺህ ጊዜ ሲደጋገም ገጹ በበጋ ፀሐይ እንደደረቀ የደምቢያ ወልካ መሬት በመረብ ስንጥቅ ይሸፈናል። በግለት ጊዜ ከብረቱ የሚረግፈው ቅርፊት እንደ አሸዋ ሆኖ ጠርዙን ይሞርደዋል። ገጹ ከጠነከረ በኋላ ዳግም ከሞቀበት ሙቀት በላይ ከዋለ ደግሞ ጥንካሬውን ያጣና ይሰምጣል። አልሙኒየም በሚፈስበት ሞልድ ሙቀቱ 700 ዲግሪ አካባቢ ቢሆንም ሌላ ጠላት አለ፤ የቀለጠው አልሙኒየም ከኢንሰርቱ ብረት ጋር ይጣበቅና ሲወጣ ቆዳውን ገንጥሎ ይሄዳል።

እነዚህ ሁሉ በሥራ ላይ የሚመጡ ናቸው፤ ዕድሜ ያሳጥራሉ እንጂ በአንድ ቀን አይገድሉም። በመጀመሪያው ሳምንት ለሁለት የሚከፈል ኢንሰርት በአመዛኙ ገና ከወርክሾፕ ሳይወጣ ተበላሽቶ ነበር። ውስጠኛ ማዕዘኑ ሹል ሆኖ ከቀረ ውጥረቱ ሁሉ እዚያች ነጥብ ላይ ይጠራቀማል፤ ትንሽ ማክበብ ብቻ ዕድሜውን ሊያራዝመው ይችላል። በኤሌክትሪክ ብልጭታ ሲቀረጽ ገጹ ላይ የሚቀረው ስስና ተሰባሪ ንብርብር ካልተወለወለ ስንጥቅ ከዚያ ይነሣል። ከጠነከረ በኋላ ሁለት ሦስት ጊዜ በልኩ ካልሞቀ እንደ ብርጭቆ ተሰባሪ ሆኖ ይቀራል። ከሥሩ ወለሉ ላይ በትክክል ካልተቀመጠ እያንዳንዱ ምት ያጎብጠዋል። በመጨረሻም ብርዱ ከባድ በሆነ የደጋ ጠዋት ሞልዱን ሳያሞቁ ሥራ መጀመር አለ፤ የመጀመሪያዋ ምት ብቻ ልትሰብረው ትችላለች።

ልብ እንበል፦ ከእነዚህ ስህተቶች አብዛኞቹ ውድ ማሽን በማጣት የሚመጡ አይደሉም። ማዕዘን ማክበብ፣ ሞልድ ማሞቅ፣ የጠነከረውን ብረት በልኩ ዳግም ማሞቅ የወለቃ ቀጥቃጭ በቀለም ይለየው ከነበረው ዕውቀት ጋር ዝምድና ያላቸው ናቸው።

ከዚህ በኋላ

ጎንደር ዛሬ ዩኒቨርሲቲና የቴክኒክ ኮሌጅ አላት፤ ብየዳና ቶርኖ የሚያውቅ ወጣትም አላት። ከትልቅ ፋብሪካ ግንባታ በፊት የሚበጀው ትንሽ ነገር ነው። አንድ ኢንሰርት እዚሁ ይሠራ፤ የሙቀት አያያዙ ይመዝገብ፤ ስንት ምት እንደሠራ ይቆጠር፤ ሲሰበር ተቆርጦ ስንጥቁ ከየት እንደጀመረ ይታይ። ተማሪው ያን ካየ ሁለተኛውን የተሻለ ያደርገዋል። እስካሁን ልማዳችን የተሰበረውን በኪሎ ለቁርጥራጭ ብረት ነጋዴ ሸጦ አዲሱን ከውጭ ማዘዝ ነው። ስብራቱን የሚያነብ ሰው ሳይኖር የሚገዛ ሞልድ ግን ያንኑ ስብራት ይዞ ይመጣል።