ሲሹት የሚበራ፥ ሲሹት የሚጠፋ የግርጌ ጽሑፍ

ባለፈው ዓመት በፋሲካ ሰሞን ወንድሜ አያታችንን በስልኩ ካሜራ ቀርጿቸው ነበር። ፊልሙ 41 ደቂቃ ይፈጃል። አያታችን እንዝርታቸውን ይዘው ጥጥ እየፈተሉ፥ በልጅነታቸው ከመንዝ ተነሥተው አዲስ አበባ እንዴት እንደ ገቡ፥ ከማን ቤት እንዳረፉ፥ ማንን አግብተው ማንን እንደ ወለዱ ይተርካሉ። ፊልሙ የተቀረጸበት ምክንያት፥ በአሜሪካ አገር በቨርጂኒያ የምትኖረው ታናሿ አክስታችን «ልጆቼ አያታቸውን ሳያውቁ ሊያድጉ ነው» ብላ ስለ ጻፈችልን ነው። ልጆቹ አማርኛ አይሰሙም። በአገር ቤት ደግሞ ትልቁ አጎታችን ጆሮአቸው ከደነቆረ ቆይቷል፤ የእናታቸው ድምፅ አይሰማቸውም፥ ማንበብ ግን ያነባሉ፤ እንግሊዝኛም ያውቃሉ። እንግዲህ ለአንድ ፊልም ሁለት የግርጌ ጽሑፍ አስፈለገ፤ ለልጆቹ እንግሊዝኛ፥ ለአጎታችን አማርኛ።

መጀመሪያ ፊልሙን ወደ አንድ የቪዲዮ ቤት ወሰድነው። ባለቤቱ ገንዘቡን ተቀብሎ እንግሊዝኛውን በወፍራም ቢጫ ጽሑፍ ከሥዕሉ ጋር አዋሕዶ መለሰልን። ጽሑፉ ያረፈው በአያታችን እጅና በእንዝርቱ ላይ ነው። እሳቸውም ባዩት ጊዜ «ይህን ነገር ከእጄ ላይ አንሡልኝ» አሉ። ዳሩ ግን የሚነሣ አልነበረም። ከሥዕል ጋር አንድ ሆኖ የታተመ ጽሑፍ የፊልሙ ገላ ነውና፥ የሚያስፈልገውም የማያስፈልገውም ሰው አብሮ ያየዋል።

የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ ሌላ መንገድ መፈለግ የጀመረው በዚያን ጊዜ ነው። ዲቪዲ እ.ኤ.አ. በ1996 በጃፓን ለገበያ የወጣ ዕቃ ስለ ሆነ ዛሬ አርጅቷል ማለት ይቻላል። አንድ የመኝታ ክፍል ጓደኛዬም «ዩቱብ ላይ አትጭነውምን?» እያለ አላግጦብኛል። ነገር ግን አያታችን ቤትም ሆነ አጎታችን ቤት ያለው ከቴሌቪዥኑ ሥር የተቀመጠ የዲቪዲ ማጫወቻ ብቻ ነው። በዚያም ላይ አያታችን ነገራቸው ለዓለም ሁሉ እንዲነዛ አልፈቀዱም።

በዲቪዲ ላይ ሥዕሉ፥ ድምፁና የግርጌ ጽሑፉ በየራሳቸው መስመር ይሄዳሉ። አንድ ፊልም እስከ 8 የድምፅ መስመርና እስከ 32 የጽሑፍ መስመር ሊይዝ ይችላል። አብዛኛው ሰው የግርጌ ጽሑፉ እንደ ማንኛውም ጽሑፍ በፊደል የተቀመጠ ይመስለዋል፤ እኔም ይመስለኝ ነበር። ነገሩ እንደዚያ አይደለም፤ በዲቪዲ ላይ የተቀመጠው የፊደል ሥዕል ነው። ዲስኩን የሚያሰናዳው ኮምፒዩተር እያንዳንዱን ዐረፍተ ነገር እንደ አንድ ትንሽ ሥዕል ይስለዋል። በአንዱ ሥዕል ውስጥ ከ4 ቀለም በላይ አይገባም፤ ከአራቱም አንዱ እንደ መስተዋት የኋላውን የሚያሳይ ነው፥ ሌላው የፊደሉ መልክ፥ ሌላው ደግሞ ፊደሉን የሚከበው ጠርዝ ነው። ማጫወቻው ሰዓቱ ሲደርስ ይህን ሥዕል በፊልሙ ላይ ይደርበዋል፤ በሪሞቱ አጥፋ ሲባል መደረቡን ይተዋል። የደረበውን ነገር ግን ራሱ ማንበብ አይችልም።

ይህ አለማወቁ ለእኛ በጀን። ያንኑ ማጫወቻ የአማርኛ ጽሑፍ ያለበት ፍላሽ ብናጎርሰው በፊደላችን ፈንታ ባዶ ሣጥን ይደረድርልናል፤ የፊደላችን ቅርጽ በሆዱ የለምና። ሥዕል ሲሰጠው ግን፥ ሀሁን በዘመኑ አይቶ የማያውቅ ፋብሪካ የሠራው ማጫወቻ እንኳ «እንደምን አላችሁ» ብሎ ያሳያል። ፊደላችንን ማወቅ ያለበት ሥዕሉን የሚስለው ኮምፒዩተር ብቻ ነው፤ እሱም ያውቀዋል፥ ፊደላችን እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ በሚባለው ዓለም አቀፍ የፊደል መዝገብ ውስጥ ገብቷልና።

ሥራውን የሠራሁት በሊኑክስ ነው። ሊኑክስን እ.ኤ.አ. በ1991 የጀመረው ሊኑስ ቶርቫልድስ በዚያን ጊዜ እንደ እኛው ተማሪ፥ የሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነበር። ለዚህ ሥራ የሚያስፈልጉት ፕሮግራሞች ሁሉ በነፃ የሚገኙ ናቸው፤ ይህም ለተማሪ ኪስ ትንሽ ነገር አይደለም።

ከሁሉ የሚከብደው የመጀመሪያው ሥራ፥ ማለት ቃሉን መጻፉ ነው። አጻጻፉ ቀላል ነው፤ ተራ ቁጥር፥ ቀጥሎ ቃሉ የሚጀምርበትና የሚያልቅበት ሰዓት፥ ቀጥሎ ቃሉ ራሱ፥ ከዚያ አንድ ባዶ መስመር። ጋውፖል የሚባለው ፕሮግራም ሰዓቱን ለመያዝ ያግዛል። የሆነ ሆኖ አያታችን ነጠላ ሰረዝ የማያውቁ ተራኪ ስለ ሆኑ፥ የአማርኛው ብቻ ሦስት ቅዳሜ ፈጀብኝ። እንግሊዝኛው ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው። አማርኛ ብዙውን ነገር በአንድ ቃል ይቋጥራል፤ «አልነገርኳችሁም» በ9 ፊደል ያልቃል፥ በእንግሊዝኛ ግን አምስት ቃል ይሆናል። ስለዚህ አንባቢው ጨርሶ ሳያነብ ጽሑፉ እንዳያልፍበት ማሳጠር ግድ ይላል። «ሆዴ ባባ» የሚለውን ቃል በቃል ብተረጉመው ልጆቹ ሆድ ቁርጠት እንደሚመስላቸው ስላወቅሁ፥ በእሱ ላይ ብቻ ግማሽ ሌሊት ተቀመጥሁ።

ቃሉ ከተጻፈ በኋላ ያለው ሥራ የማሽን ነው። ኤፍኤፍኤምፔግ የስልኩን ፊልም ዲቪዲ ወደሚቀበለው ዓይነት ይለውጠዋል። ስፑመክስ የሚባለው የጽሑፉን ፋይል ተቀብሎ ሥዕሎቹን ይስልና ከፊልሙ ጋር ይጎነጉናቸዋል። በአንድ ጊዜ አንድ መስመር ብቻ ስለሚጎነጉን፥ እንግሊዝኛውን ዜሮ ብዬ አስገባሁ፤ ከዚያ የወጣውን ፊልም መልሼ አቅርቤ አማርኛውን አንድ ብዬ አስገባሁ። ቁጥሩ ከዜሮ መጀመሩን ያልተረዳ ሰው ብዙ ይንከራተታል።

በስፑመክስ ላይ ሁለት ጊዜ ወድቄአለሁ። መጀመሪያ የፊደሉን ቅርጽ ስም ሳልነግረው ስለ ቀረሁ፥ የአማርኛው መስመር በሙሉ ትርጉም የሌለው ምልክት ሆኖ ወጣ። አቢሲኒካ ወይም ኖቶ ኢትዮጲክ የሚባለውን የፊደል ቅርጽ መጫንና ስሙን መስጠት፥ የጽሑፉንም ፋይል በዩኒኮድ ማስቀመጥ ያስፈልጋል። ሁለተኛው የመጠን ነገር ነው። በ28 መጠን የተሣለው እንግሊዝኛ ጥሩ ሲነበብ፥ አማርኛው በአሮጌ ቴሌቪዥን ላይ «ሰ»ን ከ«ሱ»፥ «በ»ን ከ«ቡ» የማያስለይ ሆነ፤ የእኛን ፊደል የምትለየው ቅንጣት ጭረት ናትና በቴሌቪዥኑ መስመሮች መካከል ትጠፋለች። ወደ 36 ሳሳድገው ተስተካከለ።

ከዚያ በኋላ ዲቪዲኦተር ዲስኩን ያዋቅራል። የትኛው መስመር በምን ቋንቋ እንደ ሆነ በሁለት ሆሄ ምልክት የሚነገረው እዚህ ላይ ነው። ፊልሙ ሲጀመር አንዱ ጽሑፍ ራሱ እንዲበራ የሚሻ ሰው፥ በመስመሩ ቁጥር ላይ 64 ደምሮ ያዝዛል፤ 64 ለእንግሊዝኛው፥ 65 ለአማርኛው ማለት ነው። ለአጎታችን ዲስክ 65 አደረግሁት፥ ሪሞት መነካካት አይወዱምና። በመጨረሻ ግሮውአይሶፍስ ዲስኩን ይጽፋል። ለሙከራ ተሰርዞ የሚጻፈውን ዲስክ መጠቀም ብር ያድናል።

አንድ ነገር ቀርቶ ነበር። የመጀመሪያውን ዲስክ በመንገደኛ ወደ ቨርጂኒያ ብንልከው የአክስታችን ማጫወቻ አልቀበልም አለ። የእኛ አገር ቴሌቪዥን የለመደው ፓል የተባለውን ሥርዓት ነው፤ ይኸውም 576 መስመርና በሰኮንድ 25 ሥዕል ነው። የአሜሪካው ኤንቲኤስሲ ደግሞ 480 መስመርና በሰኮንድ 29.97 ሥዕል ነው። ብዙ የአሜሪካ ማጫወቻ ፓልን አያውቅም። ስለዚህ ለዚያ አገር የሚላከው ሁሉ ከመጀመሪያው በእነሱ ሥርዓት መሠራት አለበት። ደስ የሚለው ነገር፥ የጽሑፉ ፋይል በሰዓት እንጂ በሥዕል ቁጥር ስላልተቆጠረ አንዲት ፊደል ሳይነካ ለሁለቱም ያገለግላል።

ሁለተኛውን ዲስክ ከመላካችን በፊት አጎታችን ቤት ተቀምጠን አየነው። አጎታችን ሪሞት አይወዱም ያልሁት ሐሰት ሆነ። አማርኛውን ያነቡና አቁመው ወደ እንግሊዝኛው ይለውጣሉ፤ እንደገና ይመልሳሉ። አክስታችን ወደ አሜሪካ የሄደችበት ቀን ከሚተረክበት ላይ ሲደርሱ ፊልሙን አቆሙትና «እናቴ ተቀየምኳት ነው ያለችው፤ አንተ በእንግሊዝኛ አዘንኩ ብለህ ጻፍህ» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። አክስታችን በልጆቿ ፊት እንዳታፍር ብዬ ነበር። «እንዲህ ማለስለስ ከፈለግህ አማርኛውንም አለስልስና ድምፁንም ቁረጥ» አሉ። ወደ ቤት ተመልሼ ያችን አንዲት ቃል አረምኋት፤ ስፑመክስንም እንደገና ሁለት ጊዜ አስኬድሁት።

ዲስኩ ከደረሰ በኋላ አክስታችን ደውላ ነበር። የመጀመሪያውን ቀን ልጆቹ ሳይመጡ ጽሑፉን አጥፍታ ብቻዋን እንዳየችው፥ ለልጆቹ በማግሥቱ እንዳሳየቻቸው ነገረችኝ። ስለ ታረመችው ቃል ምንም አላለችም፤ እኔም አልጠየቅኋትም።

ትእዛዞቹ በላቲን ፊደል የሚጻፉ ስለ ሆነ በዚህ ገጽ ላይ አላሰፈርኋቸውም። በፍላሽ ገልብጬ በኅብረቱ ጽሕፈት ቤት ስላስቀመጥሁ፥ የሚያስፈልገው ወንድም ወይም እኅት ባዶ ፍላሽ ይዞ ሊገለብጥ ይችላል። የጽሑፉን ፋይል ግን ዲስኩ ካለቀ በኋላ እንዳትጥሉት አደራ፤ በዲስኩ ላይ የቀረው ሥዕል ብቻ ነውና ስሕተት ቢገኝ የሚታረመው ከእሱ ላይ ነው።